ለአንድ በጋ ስለተዋሱን የቅዳሜ ውሃ

ለክቡር ዶን አኒባል ኡርሱዋ፣
የአቮካዶ እርሻው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም የሸለቆው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የተከበሩትን የባለቤትዎን ጤና፣ ቀጥሎም ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ የሸፈኑትን የዛፎችዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። የዛፎቹን እንኳ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ በመስኮቴ ስለማያቸው ደህና መሆናቸውን አውቃለሁ። ቅጠላቸው ያብለጨልጫል። በሰፈራችን በኬብራዳ ዴል ሞዬ ከእነርሱ በቀር አረንጓዴ ነገር ስላልቀረ፣ ዓይናችንን የምናሳርፍበት እንዳናጣ ስላሰቡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

እኔ ኦርቴንሲያ ኦልሞስ እባላለሁ። በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ባለፈው ወር በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ የተናገረችው፣ አረንጓዴ ቱታ የለበሰችው ሴት ነኝ። በአቮካዶ ማሸጊያዎ የማጠቢያ መስመር ላይ መቆም ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልኬ ዝም ብል የበለጠ ጨዋነት እንደሚሆን አልጠፋኝም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ለእርስዎ ብቻ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ስላላወቅሁ፣ የዚህን ግልባጭ በእግር ኳስ ክለቡ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ድፍረት እንዳይመስልዎ። ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው ሰው በተሰበሰበበት መቆም ይወዳል።

ማሸጊያው ውስጥ ሁሉን ነገር በቁጥር ማድረግ ስላስተማሩኝ፣ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውሃው ተራ።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት የቦዩን ውሃ በተራ እንካፈል እንደነበር ያውቃሉ። የእኛ ቤት ተራ ቅዳሜ፣ ከንጋት እስከ ቀትር ነበር። ተራ አይሸጥም ነበር፤ ይዋሳል። ጎረቤታችን ሊቦሪዮ ሽንኩርት በተከለበት ዓመት ሦስት ቅዳሜ ሰጠነው፣ በየካቲት መለሰ። ማንም አልጻፈም፣ ማንም አልጠየቀም። ተራ የሰጡትን ሰው «መቼ ትመልሳለህ?» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጸሐፊዎ ቤታችን መጥቶ፣ ሻያችንን ጠጥቶ፣ «ኮረብታው ላይ አዲስ ችግኝ ተክለናል፤ እስኪጠና ድረስ ለዚህ በጋ ተራችሁን ብታውሱንስ?» አለ። ባለቤቴ ኤላዲዮ ሳይውል ሳያድር፣ «ውሰዱ እንጂ፣ ለተክልማ ውሃ አይከለከልም» አለው። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ አሉ፤ አሥራ ሁለታችንን አባወራና እማወራ በኩባንያው አውቶቡስ ጭነው ከተማ፣ ውል አዋዋዩ ዘንድ አደረሱን። በመንገድ ላይ ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ኤምፓናዳ ታደለን። ጸሐፊዎ ቀልድ ያውቅ ነበርና እስክንደርስ ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛን ግን ያሳሳቀን ሌላ ነው፣ የተወሰደው ውሃው።

ኤላዲዮ ሳያነብ ፈረመ። ማንበብ የማይችል እንዳይመስልዎ፤ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚጨርስ ሰው ነው። ያላነበበው ተራውን የሚያውስ ሰው በተዋሹ ፊት ወረቀት ስለማያገላብጥ ነው፤ ለእንግዳ ያቀረቡትን ዳቦ ቁራሽ በቁራሽ እንደመቁጠር ይሆንበታል። ይህ ስሕተት የእኛ መሆኑን አምናለሁ። ሌላ አገር ያለ ሰው ይሠራዋል ብዬ አላስብም።

በተከተለው በጋ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ኤላዲዮ አካፋውን ይዞ ንጋት ላይ ወደ ቦዩ ወረደ። የመክፈቻው ብረት ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘ። እስከ ቀትር ቆሞ ጠበቀ። ሲመለስ «ቁልፉን የያዘው ልጅ ረስቶ ሄዶ ነው» አለኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄደ። አራት ቅዳሜ ተመላለሰ። በአምስተኛው ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «በማይመለስ ሁኔታና ለዘለዓለም» ይላል። ኤላዲዮ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «ለዘለዓለም? እኛ እኮ ተራ ነው የሰጠነው» አለ። አካፋው እስካሁን እዚያው ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቦቴው።

ቦዩ ከተቆለፈ በሁለተኛው ዓመት ጉድጓዳችን ደረቀ፤ ኩባንያውም ደግ ሆኖ በየሐሙሱ በቦቴ ውሃ ያድለን ጀመር። የቦቴው ጎን ላይ የሚስቅ የውሃ ጠብታ ተሥሎበታል። ውሃው የሚቀዳው ከእኛው ቦይ ነው። የራስን ውሃ በስጦታ መቀበል ለሁሉ የማይደርስ ዕድል ነውና አመሰግናለሁ። ቀልዴን አይደለም፤ በእርግጥ አመሰግናለሁ። ያለዚያ ቦቴ ኤላዲዮ በሕይወት አይኖርም ነበር።

የኤላዲዮ ኩላሊቶች መሥራት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሆስፒታሉ ሩቅ ስለሆነ እጥበቱን በቤት፣ ሆዱ ላይ በተተከለች ቱቦ እናደርግለታለን፤ በቀን አራት ጊዜ ንጹሕ ፈሳሽ ይገባል፣ የቆየው ይወጣል። ቱቦዋን ከመንካቴ በፊት እጄን እስከ ክርኔ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ መታጠብ አለብኝ። ያስተማረችን ነርስ ነገር አታሽሞነሙንም፤ «እማማ፣ መድኃኒቱ ግማሹ ነው። ግማሹ ውሃና ሳሙና ነው። እጅሽን ሳትታጠቢ አንድ ቀን ብትነኪው፣ በሳምንቱ እኔ ለለቅሶ እመጣለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ የምፈራው ምን እንደሆነ አወቁልኝ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቱታዬ።

በስብሰባው ላይ ተነስቼ፣ የቦዩ መክፈቻ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን ብቻ ይከፈትልን ብዬ ለመንኩ። እርስዎ በፈገግታ ሰምተውኝ፣ «ሴኞራ፣ ኩባንያውን የሚወቅሱት የኩባንያውን ቱታ ለብሰው ነው፣ የኩባንያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የኩባንያውን ውሃ እየጠጡ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይሏል ይህ ነው!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፍርሃት የተነሣ የሚመጣ ሳቅ እንዳለ ያን ዕለት ተማርኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው እርስዎ ትክክል ነዎት። በቀጥታ ከሥራ ስለመጣሁ ቱታው ላዬ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡት ትንንሽ የውሃ ጠርሙሶች ሁለት ጠጥቻለሁ፤ ሦስተኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ልጄ የተማረችው በእርስዎ ደመወዝ ነው። እሑድ እሑድ ለሠራተኛ የሚታደለውን ለሽያጭ የማይሆን አቮካዶ ዳቦ ላይ ቀብቼ እበላለሁ፤ ይጣፍጠኛልም። ጨው ጣል ሲደረግበት ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አልክድም።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ቱታውን አውልቄ ልውቀስ ብል ራቁቴን እቆም ነበር። ከእርስዎ ገበታ ውጭ ሆኜ ለመናገር ውጭውን ፈልጌዋለሁ። በሰሜን ያለው ሸለቆ የወይን ነው፤ ቦዩም ተቆልፏል። በደቡብ ያለው የአማችዎ ነው። ወጪቱን በተመለከተ፣ ሸክላው ከማን ቤት እንደወጣ ጸሐፊዎን ቢጠይቁት ያስታውሳል።

አራተኛ፤ ስለ ሐሙስ።

ከስብሰባው በኋላ ባለው ሐሙስ ቦቴው መጣ፣ ቤታችን ፊት ለፊት ዝግ አለ፣ አልፎ ሄደ። በርሜሎቼን ደጅ አሰልፌ ቆሜ ነበር። የሚነዳው ዋልዶ የልጄ ክርስትና አባት፣ አበልጄ ነው። ሩጬ ሊቦሪዮ ደጅ ላይ ደረስኩበት። መስኮቱን ግማሽ ብቻ ከፈተ።

«አበልጅ፣ ከዝርዝሩ ወጥታችኋል» አለኝ። «እኔ ምን ላድርግ?»

«ኤላዲዮ እኮ ነው፣ ዋልዶ!»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ዝግ ያልኩት።»

«ዝግ ማለትህን በምን ልቅዳው? በወንፊት?»

«አትሳደቢ፣ ቦቴው ውስጥ መከታተያ አለ። በቆምኩ ቁጥር ቢሮ ያየኛል። አራት ልጆች አሉኝ አንቺ ሴት፣ አንዷ የአንቺ ስም ያላት!» አለና መስኮቱን ዘጋ። ሲዘጋው ሲያለቅስ አየሁት፤ ወይም አቧራ ነው።

እንዲህ ሆኖ አምስት ሐሙስ አለፈ። ሊቦሪዮ ከበርሜሉ ሁለት ባልዲ ሰጠን። ሦስተኛውን ስጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ኦርቴንሲያ፣ በጸሎት እናግዝሻለን። ሌላውን ግን ተይን» አለኝ። አልተቀየምኩትም። አንድ ነጭ የኩባንያው ፒክአፕ ሁለት ጊዜ ቤታችን ፊት ለፊት ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ሄዷል፤ ማንም አልወረደም። ምን ፈልገው እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቀንም ቢሆን በሩን እቆልፋለሁ። ሊቦሪዮም ያየው እኔ ያየሁትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ ሌባ ነኝ።

በማጠቢያው መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ አቮካዶዎ ላይ ውሃ ሲወርድ አያለሁ። ንጹሕ፣ ብርድ ብርድ የሚል ውሃ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ፍሬ አቧራ እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ከመስመሩ ጫፍ፣ የፍሬው ማጠቢያ መድኃኒት ሳይቀላቀልበት፣ ከቧንቧው ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ እየሞላሁ ከምሳ ዕቃዬ ጋር አወጣለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ በየቀኑ ቦርሳዬን ይፈትሻል።

«አቮካዶ ይዘሻል?»

«ኧረ አልያዝኩም።»

«ይኼስ?»

«ውሃ ነው።»

«ጠጪ ጠጪ፣ ለኩላሊት ጥሩ ነው» ይለኛል። ደግ ሰው ነው፤ እባክዎ እንዳይቀጡት። ውሃ ይሰረቃል ብሎ ያሰበ የለም፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ቀድመው ያሰቡት።

ሁለት ጠርሙስ ለአራት ጊዜ መታጠቢያ አይበቃም። ለመጠጥም፣ ለማብሰልም ከዚያው ነው። አፈላዋለሁ፣ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ኤላዲዮ በጣሳ ቀስ እያለ እጄ ላይ ያፈስልኛል። የፈሰሰውን ሳህን ይዘን እንቀበላለን። አንዳንዴ እጁ ይደክመውና ቶሎ ያልቃል፤ ሳሙናው ክርኔ ላይ ሳይለቅ ይቀራል። ያኔ ቱቦዋን አያታለሁ፣ እጄን አየዋለሁ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ምን እንደማደርግ ልንገርዎ? እነካታለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ይህን ስለጻፍኩ ከነገ ጀምሮ ጠርሙሶቹ በር ላይ እንደሚቀሩ አውቃለሁ። የሥራ ውሌም የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነው። ሁለቱንም አመዛዝኜዋለሁ። ጠርሙሶቹ ኤላዲዮን ቀስ ብለው ይገድሉታል፤ ዝም ማለቴም እንዲሁ። በማሸጊያው ያላችሁትን ሁሉ ለማስጨነቅ ሳይሆን፣ አንድ ቦቴ ሐሙስ ዕለት ለአምስት ደቂቃ እንዲቆም ነው የምለምነው። ዝርዝሩ ላይ የኤላዲዮን ስም ብቻ ይጻፉ። የእኔን ይተዉት፤ እኔ አልጠጣም።

ስለ ተራው ደግሞ አልከራከርም። ወረቀቱ የእርስዎ ነው። ነገር ግን ልማዱን ማንም አልገዛውም። በኬብራዳ ዴል ሞዬ ልማድ፣ ተራ የተዋሰ ሰው ባወሰው ቤት በሽታ ወይም ሞት ሲገባ ሳይጠየቅ ይመልሳል። የመጀመሪያው ገብቷል። ሁለተኛውን ለመጠበቅ እንዳይቸገሩ ስል ነው ቀድሜ የማሳውቅዎት።

ዛፎችዎ ይጠሙ ዘንድ የማልመኝ፣ በአረንጓዴ ቱታዎ ውስጥ የምኖር፣ በቸርነትዎ ብዛት የምንቀጠቀጥ፣

ታዛዥዎ
ኦርቴንሲያ ኦልሞስ
ከማጠቢያው መስመር

ማስታወሻ፦ ነርሷ ያስተማረችን ሌላም ነገር አለ። ከሆዱ የወጣውን የፈሳሽ ከረጢት በየጠዋቱ ጽሑፍ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ፊደሉ በውስጡ ጥርት ብሎ ከታየ ደህና ነው፣ ከደፈረሰ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ አለችን። ቤት ውስጥ ፊደሉ ጎላ ያለ ወረቀት ከእርስዎ ውል ሌላ ስለሌለን፣ ከረጢቱን እርሱ ላይ አደርጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «በማይመለስ ሁኔታና ለዘለዓለም» የሚለውን በባለቤቴ ፈሳሽ ውስጥ አነበብኩ፤ ባነበብኩት ቁጥርም ደስ አለኝ። ዛሬ ጠዋት «ለዘለዓለም» የሚለው ደብዘዝ አለብኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ እንደገና አየሁት። ዓይኔ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ኤላዲዮ «ተነበበ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተነበበ» አልኩት፤ ልብሱንም ማዘጋጀት ጀመርኩ። የሆስፒታሉ አውቶቡስ እስኪመጣ ይህን ጽፌ ጨረስኩ። ሐሙስ እቤት ካጡን በርሜሎቹ ደጅ ናቸው።