የፊደሉ ድምፅ የማን ይሁን

ጥር 6፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
የትራክተሬ ሞተር እስኪበርድ ላንቺ ልጻፍልሽ፣ ደብተሬ። ዛሬም የፊደል ማስተማሪያውን ሞከርኩ። የማታ አስተማሪዬ መ/ርት አልማዝና ስልክ ጠጋኙ ሞላ የሠሩት ነው። ስልክ ላይ ይጫናል፣ በነጻ፤ የፈለገ ወስዶ ያሻሽለዋል። ፊደሉን ሲነኩት ይናገራል። ግን ይቸኩላል! የሸሕዲ ሚኒባስ ረዳት ነው እንዴ? ባለቤቴ የሽወርቅ ት/ቤቱን የተወችው በሱ ነው። ሲሮጥ አልደርስበትም ብላ ቀረች። ብቻዬን ምሁር ሆኜ ምን ላደርግ?

ጥር 8
መቸኮሉን ለሁለቱም ነገርኳቸው። ደንብ አላቸው፦ ጉድለት ያየ ራሱ ያቃናል። ሦስተኛ አባል ሆንኩ! ሞላ ኮዱን፣ መ/ርት ትምህርቱን፣ እኔ ድምፁን። ከሦስታችን ሁለት ካልተስማማን ማስተማሪያው ውስጥ ምንም አይገባም፤ መ/ርቷም ብትሆን። መቼም ከተማችን ገንዳ ውሃ እንደኔ ያለ ድምፅ የላትም። ሰው ስጣራ እስከ ገለጉ ከተማ ድረስ ይሰማል።

ጥር 11
ቤት ውስጥ ቀዳሁ፤ ከ«ሀ» እስከ መጨረሻው። የሽወርቅ ከኋላዬ ሰሊጥ ትነፋለች። ልብም ያለችኝ አልመሰለኝ። ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅ!

ጥር 13፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ጉድ! ሦስታችን ቁጭ ብለን ሰማን። እኔ «ለ» ብዬ ሳገሳ፣ ከኋላ ቀስ ብላ «ለ» የምትል አለች። አንድ ፊደል አላለፈችም። የወንፊቱ ድምፅ ሳይቀር ገብቷል።
«ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?» አለች መ/ርት። ባለቤቴ አልኩ።
«በሉ ድምፁ የሷ ይሁን። እርስዎ ያስደነግጣሉ።»
ሞላ እየሳቀ የጋሼ ይሻላል፣ እርሻ መሃል በንፋስም ይሰማል አለ። አንድ ለአንድ። የቀረሁት እኔ። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ወጣሁ። ዓይኔን ያሸሁት አቧራ ገብቶበት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ጥር 14፣ ጠዋት
ለየሽወርቅ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «ፊደል ያልጨረስኩት ሴትዮ ላስተምር? አንተስ ጉራህን የት ታደርሰዋለህ?» ግን ወንፊቱን አስቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ደጋግማ ሰማችው።
«አልሮጥኩም አይደል?»
አልሮጥሽም አልኳት።
የኔን ድምፅ የሚያህል አሁንም የለም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ግን ዛሬ ማታ እጄን የማወጣው ለሷ ነው። አብራኝ ትሄዳለች፤ ሻሽ እያማረጠች ነው። እኔ? ከኋላዋ ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ «ለ»።