ዘጠኝ የዳክዬ እንቁላል በአዮ ዘይነባ ዶሮ ሥር

ዓርብ

ሰበሩት። ከዘጠኙ አንዱን፣ በማንኪያ ጀርባ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ።

የሰበሩት አዮ ዘይነባ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አዮ፣ እናት፣ የሚላቸው፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ የታቀፈችው ዶሮም ባለቤት። ስገባ ሳህን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ሳህኑ ላይ አንገቱን ያጠፈ፣ ላባ ማብቀል የጀመረ ዳክዬ ተኝቷል። ሲሰብሩት ይንቀሳቀስ ነበር። ገምቷል ብለው ነው። ዶሮ በሃያ አንድ ቀን ትፈለፍላለች፣ ዛሬ ሃያ ሦስተኛው ነው፣ ዶሮዬ በከንቱ ተቀምጣ ከሳች፣ እስቲ አንዱን ልየው ብለው።

ጮህኩባቸው። እናቴን የሚያህሉ ሴት ላይ። ማን ይንኩ ብሎዎት ነው አልኩ። ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ገቡ።

የዳክዬ እንቁላል ሃያ ስምንት ቀን ይፈልጋል። በዚህ ግቢ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዶሮ እርባታ ሰርተፊኬት ግድግዳዋ ላይ የሰቀለች እኔ። እና አልነገርኳቸውም። "ትንሽ ይቆያል" ነው ያልኩት። ትንሽ! በራሴ ከመናደድ በእሳቸው መናደድ ስለሚቀል በእሳቸው ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ

እንደተናደድኩ ነው የነቃሁት። ግን ንዴቱ ከአዮ አልጀመረም። ደብተሩ ከጤፍ ጆንያ ሥር ስለሚደበቅ ልጻፈው።

በእርባታ ጣቢያው አምስት ዳክዬዎች ነበሩን፤ አራት ሴት፣ አንድ ወንድ። ሦስት ዓመት የመገብኳቸው እኔ ነኝ። የቦት ጫማዬን ድምፅ ሲሰሙ ተሰልፈው ይመጡ ነበር። ባለፈው ወር እንግዶች መጡ ተባለና ጓድ ኃላፊ አምስቱንም አሳረዳቸው። ማን በላቸው? ክርስቲያኑ የእግሩ ጣቶች በቆዳ የተጋጠሙ ወፍ አይበላም። እስላሙ ማን እንዳረደው አያውቅም። እንግዶቹ ቀምሰው ወደ ጎመኑ ዞሩ። የቀረውን ውሻ በላው። ጎጆው ውስጥ የተገኘውን ዘጠኝ እንቁላል ምን እናድርገው ብዬ ብጠይቅ "ጣሉት" አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

አልጣልኩም። በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ አወቱ መንደራ፣ ይዤው መጣሁ። ደግነቱ የአዮ ዶሮ ያን ሰሞን እንቁላል ፈልጋ ባዶ ጭድ ታቅፋ ነበር። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ዶሮዋንም፣ የተሰበረውን ጋንም፣ ጭዱንም ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ትናንት ጮህኩባቸው።

ከሰዓት ሄድኩ። ሃያ ስምንት ቀን መሆኑን፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር፣ ኢንታላ ኮ?" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔ እኮ እስከ አርባም ቢሆን እጠብቅ ነበር።"

ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ። ስም ስለሚጠራ መቅረት የለም። ስለ ምርት ተናገሩ፣ አጨበጨብን፣ ደግመው ተናገሩ፣ ደግመን አጨበጨብን። እኔ የማስበው ውሃውን ነው። ዳክዬ ከኩሬ ወጥታ በእርጥብ ሆዷ ነው የምትታቀፈው፤ ዶሮ ግን ደረቅ ናት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ለብ ያለ ውሃ እንቁላሉ ላይ ካልተረጨ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱን ያፍነዋል።

በሩጫ ተመለስኩ። አዮ ትናንት እንደነገርኳቸው ተንበርክከው በጣታቸው ውሃ ይረጫሉ። "ቢስሚላህ" እያሉ፣ ለእያንዳንዱ እንቁላል ለየብቻ። አጠገባቸው ስኒ ውስጥ ሦስት ፍሬ ጥሬ ቡና አለ። ጠዋት ጠዋት አንድ እያወጡ ቀን ሊቆጥሩበት ነው። ሲያልቅ ሃያ ስምንት ይሞላል።

ሰኞ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጓድ ኃላፊ አስጠራኝ። በሳምንቱ፣ ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። መዝገቡ ላይ "ዳክዬ፣ አምስት" ይላል። በረቱ ግን ባዶ ነው።

እንቁላል ወስደሻል ይባላል፣ የሕዝብ ንብረት ነው፣ ሲፈለፈል ታመጪያለሽ አለኝ። "ጣሉት" ያለው አፍ! እንዲህ ብለውኝ አልነበር ስለው አላስታውስም አለ። ያሳረዳቸውን አምስቱንስ አያስታውስም? ይህን ግን አላልኩም። ዋጥኩት።

ማክሰኞ

ከሁለት እንቁላሎች ድምፅ ይሰማል! ጆሮዬን ባስጠጋ ከውስጥ ሲጭር ይሰማኛል። አንደኛው ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አለ።

እስከ ማታ ስንጥቁ ያው ነው። እጄን አሳከከኝ። ትንሽ ቅርፊት ባነሳለትስ? እንዳይነካ የተማርኩት እኔው ነኝ፤ ደሙ ገና ወደ ውስጡ አልገባም፣ ከነኩት ደምቶ ይሞታል፤ ከመጀመሪያው ስንጥቅ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያርፋል። ሁሉን አውቃለሁ። ጣቴ ግን ሄደ። አዮ እጄን ያዙት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉና፣ "እኔን አየሽኝ አይደል?" አሉ።

ረቡዕ

ስኒው ባዶ ነው። ስድስት!

የመጀመሪያው ከቀትር በፊት፣ የመጨረሻው ጀንበር ስትጠልቅ። እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ ከዚያ ደረቅ ብለው ቢጫ። አንዱ እንቁላል ጭራሽ ጫጩት አልነበረበትም። አንዱ ቅርፊቱን ሳይሰብር ሞተ። ዶሮዋ ምንቃራቸውን አይታ ግራ ገባት፤ ግን ክንፏን ከፈተችላቸው። አለቀስኩ። ከደስታ ነው ልል ነበር፤ ግን ሳህኑ ላይ ያየሁት ትዝ ብሎኝ ነው።

ሐሙስ

እንዳልረሳ፦
የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለውሶ፣ የተቀቀለ አስኳል ፈርፍሮ መስጠት።
ውሃ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ። ምንቃራቸውን እስከ አፍንጫቸው መንከር አለባቸው፣ መዋኘት ግን ገና ነው። ያለ ዳክዬ እናት ቅባት ላባቸው ውሃ ይመጥጣል፣ በርዷቸው ይሞታሉ።
ጭዱን በየቀኑ መቀየር። እንደ ዳክዬ የሚያቆሽሽ ፍጡር የለም።

ቢሮ ደብዳቤ ጠበቀኝ። እስከ ቅዳሜ አምስት ዳክዬ እንዳስረክብ። ማህተም አለው። ስድስተኛውን ለእኔ መተዉ ይሆን? ያለ እናት፣ በዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ፣ ሁለት ሌሊት አያድሩም። ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ ደግሞ እነሱን የሚያስታውስ የለም። አልሰጥም። ከሥራ ቢያባርረኝስ? ከዚያም የከፋ ስም ቢለጥፍብኝስ? ባለፈው ዓመት ከዚያ ያነሰ የተናገረ ሰው የት እንደገባ አልታወቀም። ይህን የምጽፈው ከፍርሃት ይሁን ከንዴት መለየት አቅቶኛል።

ቅዳሜ

ጓድ ኃላፊ ራሱ መጣ። ካርቶን አስይዞ፣ ከሾፌሩ ጋር። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር አንድም ቃል አልወጣ አለ።

አዮ ከጓዳ ወጡ። ሰላም አሉት፣ ዱካ አቀረቡለት። አልተቀመጠም። የመንግሥት ንብረት ሊወስድ እንደመጣ ነገራቸው። አዮ አቋርጠው አልተናገሩም፤ እስኪጨርስ ጠበቁ።

"እንቁላሉ የመንግሥት ይሁን፣ ልጄ" አሉ። "ሙቀቱ ግን የዶሮዬ ነው። ሃያ ስምንት ቀን ተቀምጣ፣ አጥንቷ ወጥቷል። መጀመሪያ ሙቀቷን መልስላት፣ ከዚያ ውሰድ።"

ሾፌሩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ጓድ ኃላፊ እንግዲያው ዶሮዋም አብራ ትምጣ አለ። አዮ ነገሩን ሰምተው ግቢ በር ላይ ወደቆሙት ጎረቤቶች ዞር ብለው፣ የእኔ ዶሮ የተቆጠረችበት መዝገብ ካለ ያሳየን አሉ። ያን ጊዜ ነው አንደበቴ የተፈታው። ሰኞ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጫጩቶቹን ከነዶሮዋ፣ በአዮ ፈቃድ፣ ራሴ ይዣቸው እቀርባለሁ፤ ስድስቱ እንዴት እንደተገኙ፣ አምስቱም የት እንደደረሱ አብሬ አስረዳለሁ አልኩት። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ግን ወጣ።

ባዶ ካርቶኑን ይዞ ሄደ። ሰኞ እንተያያለን አለ። የሚያየኝ በረቱ ጋ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም። ለማንኛውም ካሰሩኝ ብዬ የሹራብና የሳሙና ቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። አዮ ቦርሳውን አዩት። ማታ ስኒውን አምጥተው ሁለት ፍሬ ቡና ጣሉበት፣ አንዱ ለእሑድ፣ አንዱ ለሰኞ። ጫጩቶቹ ከዶሮዋ ሥር ናቸው፤ አሁንም ቆጠርኳቸው፣ ስድስት ናቸው።