ዝናብ ይከተልሽ

ረቡዕ፣ መጋቢት 11 — ጂንካ

መጡ። እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ አላመንኩም ነበር፤ ግን መጡ። ከክረምት ጀምሮ በስልኬ ስጽፍላቸው የከረምኩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ አዲስ አበባ በተከራዩት መኪና ጂንካ ገቡ። መኪናው ቤት ነው። አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ተሸክሟል። የሰፈራችን ልጆች አንዴ ዞሩትና ስም አወጡለት፦ ዔሊ።

ሚስተር ኬንጂ ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ዮሺኮ ሳቅ ይቀናቸዋል። አገራቸው በየጸደዩ እንዲህ ባለ መኪና የቼሪ አበባ እየተከተሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነዳሉ። አበባው የፈነዳበት ሲደርሱ ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፈው ምሳ ይበላሉ። እንደነሱ የሚዞሩ ጡረተኞች ማኅበር አላቸው። ሁለቱ የእኛን የቆላ አበባ ከወደዱት፣ ማኅበሩ በሚመጣው ዓመት ተከታትሎ ይመጣል። አስጎብኚው እኔ።

በቱሪዝም ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አባዬ እስከ ፋሲካ እታገሥሻለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ አርባ ምንጭ፣ አጎቴ ሱቅ፣ ጫማ መሸጥ።

አበባው ከቱርሚ ወዲያ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ነው። ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ፣ ቅጠል የሌለው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ደማቅ ሮዝ። አምና በዚያ ሳልፍ ያነሳሁት ፎቶ ነው ሰዎቹን ከዚያ ሁሉ አገር ያመጣቸው። የሚያብበው በደረቁ ወራት ነው። ዝናብ ከጣለ አለቀ።

አባዬ ሊመርቀኝ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። "ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ በሄደችበት ሁሉ ዝናብ ይከተላት" አለ።

አባዬ፣ ዝናብማ አበባውን ያረግፍብኛል አልኩት።

እጁን ሳያነሳ አየኝ። "ታዲያ ምን ብዬ ልመርቅሽ? ድርቅ ይከተልሽ ልበል?"

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 — ቱርሚ

ቀይ አፈር ከተማ የሐሙስ ገበያ መንገዱን ሞልቶት ዔሊ በሰውና በፍየል መሐል እየተሳበች አለፈች። ልጆች "ቻይና! ቻይና! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይለምናሉ። ሚስተር ኬንጂ መጀመሪያ ቻይና አለመሆናቸውን በመስኮት ሊያስረዱ ሞከሩ። በኋላ ትተውት እጃቸውን አውለበለቡ።

አልዱባ የምትባል መንደር ቆምን። የገበያው ቀን ስላልነበር ጭር ብሏል። ሽማግሌዎች ትንንሽ የእንጨት በርኮታቸው ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዮሺኮ ምድጃቸው ላይ ሻይ አፍልተው ለሁሉም አዳረሱ። ሽማግሌዎቹ ሳንመርቃቸው አንለቃቸውም አሉ።

እዚህ ምርቃት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ትልቁ ይጠራል፣ የተቀመጠው ሁሉ የመጨረሻውን ቃል እየደገመ ይቀበላል። አንድ ሰው እንኳ ዝም ካለ ምርቃቱ ጎደሎ ነው። ሽማግሌው በበና ቋንቋ ጠራ፤ አጠገቤ የነበረ ተማሪ ተረጎመልኝ። ዝናብ ይከተላችሁ። ሣር በእግራችሁ ሥር ይብቀል።

ዮሺኮ ምን አሉ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። "መንገዱ ይቅናችሁ ነው ያሉት" አልኳቸው።

ዮሺኮ ደስ ብሏቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀበሉ። ቃሉን ከአንድ ጊዜ በላይ መስማት አላስፈለጋቸውም። እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

በሁለት ቀን ሁለተኛው ነው። የወደደኝ ሁሉ ዝናብ ይመኝልኛል።

ዓርብ፣ መጋቢት 13 — ቱርሚ

አበባ የለም።

እዚህ አብሮን የሚዞረው ወሌ የሚባል የሐመር ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል። ወደ ፎቶው ቦታ ወሰደን። ዛፎቹ አሉ። ግንዱ አለ፣ ያበጠው እግር አለ። ጫፋቸው ላይ ግን ምንም የለም። ከመምጣታችን በፊት አንዲት ካፊያ መንገዱን ይዛ ወርዳ የነበረውን አበባ አራግፋ ሄዳለች። አፈሩን እንኳ በቅጡ ሳታርስ።

ሚስተር ኬንጂ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶዬን ከዛፉ ጎን ያዙት። አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ለወጉ ያህል ባዶውን ዛፍ አነሱት።

ወሌ ሊያስቀን ፈልጎ፣ እኛ ጋ ፎቶ በነጻ አይነሳም፣ ዛፉም ሐመር ነው፣ ማነው የሚከፍለው አለ። የሳቀ የለም። ተረጎምኩላቸው፤ አሁንም የሳቀ የለም።

ስንመለስ ስለ አምናው ፎቶ ጠየቀኝ። በየትኛው ወር እንዳነሳሁት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ያኔ ፍየላችን ያለቀ ጊዜ ነው። ይሄ ዛፍ እኛ ስንከሳ ነው የሚያምር። አንተ አታውቅም፣ አንተ የጂንካ ሰው ነህ፣ እናንተ ጋ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው።"

እውነቱን ነው። አላወቅሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ጎማ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ተበሳ። ስንቆፍር ዋልን። ሚስተር ኬንጂ ወገባቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዮሺኮም ዛሬ አልሳቁም።

አጎቴ ደወለ። ሱቁን አስፍቷል፣ የሴት ጫማም ጨምሯል፣ መቼ ትመጫለሽ ይላል። ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኩት። አልተቆራረጠም።

ወሌ ወደ አርቦሬ በሚወስደው መንገድ አንድ ድንጋያማ ጉብታ አለ ይላል። ካፊያዋ አልደረሰችበትም። ከሰኞ በፊት አንደርስም፤ ጎማውን ማሠራት አለብን። ተስፋ ማድረግ ደክሞኛል፣ ግን ካላደረግኩ ደግሞ ምን ልሠራ ነው እዚህ።

በምሥራቅ በኩል ደመና አየሁ። ትንሽ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ጸሎት ቤት ሄድኩ። ቱርሚ ሙሉ ሳምንቱን ስለ ዝናብ ሲጾም ነው የከረመው። ሰባኪው ብዙ አልሰበከም። "ከብቶቹ አፍ የላቸውም፣ እኛ እንጩህላቸው" አለና ሁሉም ተንበረከከ። አጠገቤ የነበረች ሴት ልጇን አዝላ ግንባሯን ሲሚንቶው ላይ ደፍታ ታለቅሳለች።

እኔም ተንበርክኬያለሁ። በልቤ የምለው ግን ሌላ ነው። እስከ ሰኞ። እስከ ሰኞ ማታ ብቻ ዝናቡን ያዝልኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ። ይህን እያልኩ የሴትዮዋ ልጅ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያየኛል።

አሜን ሲሉ አሜን አላልኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ መጋቢት 16 — የአርቦሬ መንገድ

አለ። አለ። አለ።

ጉብታው ከሩቅ ነው የታየን። ግራጫ ድንጋይ፣ ግራጫ ግንድ፣ ከላዩ ላይ ሮዝ። ቅጠል የሚባል ነገር የለም። ዮሺኮ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሚስተር ኬንጂ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ፤ ወሌ ነው ተመልሶ ያጠፋው። ሰማያዊ ምንጣፋቸውን አነጠፉ። ጫማ አውልቀን ከዛፉ ሥር ተቀመጥንና ሩዝ በላን። ሚስተር ኬንጂ ስለ ማኅበሩ ማውራት ጀመሩ፦ መኪናዎቹ የት ቢቆሙ ይሻላል፣ ስንት ሰው ይበቃል፣ አንቺ ጃፓንኛ ብትማሪ። እኔ ጥላዬን እንኳ ማንቀሳቀስ ፈራሁ፤ የሚፈርስ መሰለኝ።

አንድ ሽማግሌ ከብት እየነዱ መጡ። ከብት ብል ነው እንጂ ቆዳና አጥንት ናቸው። አንዲት ጥጃ ምንጣፋችን ጫፍ ድረስ መጥታ ተንበረከከችና ቀረች። ሰውዬው አልለመኑም። የዔሊን ታንከር ቀና ብለው አዩት።

ሚስተር ኬንጂ ውሃው ለእኛም አይበቃም አሉ፤ ገና ሩቅ መንገድ አለብን። ዮሺኮ ሳይመልሱላቸው ተነሥተው ቧንቧውን ከፈቱና የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞሉ። ጥጃዋ መጀመሪያ አልጠጣችም። ወሌ ውሃውን በእፍኙ አፏ ውስጥ አደረገላት። ሁለተኛውን እፍኝ ዋጠች። ከዚያ አንገቷን ሳፋው ውስጥ ነከረች። እኔ ጎኗን ደግፌ ያዝኩ፤ የጎድን አጥንቷ እጄ ውስጥ ይገባል። ውሃው በውስጧ ሲወርድ ይሰማኛል።

ሽማግሌው መመረቅ ፈለጉ። ተቀመጥን። ጠሩ። ያው ዝናብ ይከተላችሁ ነው። ዮሺኮ ከሁላችንም ቀድመው፣ ከሁላችንም ጮክ ብለው ተቀበሉ፤ መንገዱ ይቅናችሁ መስሏቸው። ደስ ብሏቸዋል። ሚስተር ኬንጂም በዝቅተኛ ድምፅ ተቀበሉ። ወሌ ተቀበለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። እጄ አሁንም ጥጃዋ ጎን ላይ ነው።

ተቀበልኩ። በከንፈሬ አይደለም። የገዛ ድምፄን ሰማሁት።

የምለውን አውቄ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ጎሕ ሲቀድ ጀመረ። ካፊያ አይደለም። እንደ ድንጋይ የሚወርድ። እዚያው ጉብታው ሥር አድረን፣ እኔና ወሌ ዔሊ ውስጥ ወለሉ ላይ ነበርን፤ ጣሪያው እንደ ከበሮ ይመታል። ሲያባራ ወጣን። ጉብታው ላይ አንድ አበባ የለም። ሮዙ ሁሉ ጭቃው ላይ ነው፤ ግማሹን ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። ሰማያዊው ምንጣፍም ሄዷል። መንገዱን የሚቆርጠው አሸዋማ ወንዝ ትናንት በእግራችን ተሻግረነው ነበር፤ ዛሬ ግንድ ይዞ ይወርዳል።

ወሌ ሸሚዙን አውልቆ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለማላውቃቸው ሰዎች ይደውላል። ደረሰላችሁ? እኛ ጋ ደርሷል። እዚያስ? ይስቃል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶዎቹን ቆጠርኩ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

ዮሺኮ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያ የምንቀበለው ነገር፣ በትክክል ምን ማለት ነው አሉኝ።

ነገርኳቸው። የአልዱባውን፣ የትናንቱን፣ የአባዬን። ዋሽቼ እንደተረጎምኩላቸው ነገርኳቸው።

"ታዲያ እኔ ነኝ ዝናቡን ጮክ ብዬ የጠራሁት" አሉ። ተነሥተው ለባለቤታቸው በጃፓንኛ አወሩላቸው። ሚስተር ኬንጂ ወደ እኔ አይተው አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ምን አሉ ብዬ ዮሺኮን ጠየቅኳቸው።

ፊታቸው አልሳቀም። "መንገዱ ይቅናሽ ነው ያሉት" አሉኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ወንዙ ጎደለ። እነሱ በአርቦሬ አድርገው ወደ ኮንሶ ወጡ፤ ወደ እኛ የሚመልሰው መንገድ ለዔሊ አይሆንም። ሚስተር ኬንጂ ሲሰናበቱኝ ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ስለ ማኅበሩ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ዮሺኮ ከጭቃ ያነሷትን አንዲት አበባ መጽሐፋቸው ውስጥ ጨምረው አሳዩኝ። ቡናማ ሆናለች።

እኔና ወሌ ማሽላ በጫነ አይሱዙ ላይ ተመለስን። ማዳበሪያው ላይ ተኝቼ መጣሁ። ቱርሚ ላይ ሲወርድ "አይዞህ እህቴ" አለኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 22 — ጂንካ

እዚህም እየዘነበ ነው። አባዬ በቆሎ ለመዝራት እየተሯሯጠ ነው፤ አበባውን አዩት ወይ ብሎ አንዴ ጠየቀኝ፣ አዩት አልኩት፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ገና ምንም አልከተትኩበትም።

ከጸሎት ቤት ስመለስ ከዮሺኮ መልእክት ጠበቀኝ። ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረዋል። አንዳንዶቹ መንገዱን ፈርተዋል፣ አንዳንዶቹ ፎቶውን ወደውታል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚመጣው ዓመት አበባው በየትኛው ሳምንት እንደሚሆን በእርግጠኝነት ጻፊልን።

በየትኛው ሳምንት። ሳምንት መጥራት ያቅተኛል? ጠርቼ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ። ወሌን ደወልኩለት። ሣር ወጥቷል፣ ያ ዛፍ ደግሞ ቅጠል አውጥቷል፣ ብታየው አታውቀውም አለኝ። ስለ ጥጃዋ ጠየቅኩት። የሽማግሌውን መንደር አላውቀውም አለ።

በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁላቸው፦ "ዝናቡ ከቀረ ያብባል። እንዳይቀር እየጸለይን ነው።"

ከላክሁት ቆየሁ። መልስ የለም። ስልኩን አልጋው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። አባዬ ከማሳው ሆኖ ዘር አቀብይኝ ብሎ ይጠራኛል፤ ሁለተኛ ጊዜ ነው። ልሂድ።