ማንም ያልተከለው ኮሽም

ኅዳር 4 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለሦስተኛ ክፍል ማካፈል አስተማርኩ። ግማሾቹ በአገውኛ ያሰሉና መልሱን በአማርኛ ይነግሩኛል። ይሁን… ልክ ከመጣ ምን ቸገረኝ። ጧት ውርጭ ነበር። ከዘንገና ሐይቅ ዳር ኮሶበር ትምህርት ቤት እስክደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ጠመኔ መያዝ አቃተኝ።

ስመለስ ቄስ ገብረ ማርያም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃችን ተቀምጠዋል። እማ ቆማለች። እንግዳ መጥቶ እሷ ስትቆም… ደግ ነገር እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

ውዱ ተፈቷል። ፍርዱን ጨርሶ ወጥቶ እናቱ ቤት ገብቷል። በእኛና በእነሱ ቤት መካከል አንድ ሜዳ ነው ያለው። ታላቅ ወንድሜ አበረ የወደቀበት ሜዳ። በፈረስ ግጦሽ ተጣሉ፣ ውዱ በዱላ መታው፣ አበረ አልተነሣም። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም።

"ደም ደምን ሳይጠራ እናስታርቃችሁ፣ እታለማሁ" አሉ ቄሱ።

"ቢሻውን ጠይቁት" አለች እማ።

ታናሽ ወንድሜ ቢሻው አጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠመንጃውን ይወለውላል። ቀና ብሎም አላያቸው።

እኔንስ ማን ጠየቀኝ?

ኅዳር 6

ቢሻው እራት አልበላም። "አየሁት። ከስቷል" አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መክሳቱን ለእኔ መንገር ለምን አስፈለገው?

ኅዳር 9

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እማ እሺ አለች! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

"አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን ደግሞ ለወህኒ አልሰጥም" አለቻቸው። ስለ ቢሻው ብላ ነው እንጂ ለእነሱ አዝና አይደለም።

ነገሩ የተሰናከለው መጠጡ ላይ ነው። ሲታረቁ ከአንድ ዋንጫ መጠጣት አለባቸው። ማን ይጥመቅ? የውዱ እናት ወርቅነሽ እኔ ልጥመቅ ብላ ልካለች።

"ከእሷ እንስራ የወጣ በጉሮሮዬ አይወርድም" አለች እማ።

"እንግዲያው አንቺ ጥመቂያ።"

"ልጄ ባረሰው ማሳ የበቀለ ገብስ ገዳዩን ላጠጣ? እርስዎ ቢሆኑ ያደርጉታል አባ?"

አንደኛው ሽማግሌ ከገበያ ጠጅ እናስመጣ አለ። "የተገዛ እርቅ ማን ያከብረዋል?" አለችው። ለመሄድ ሲነሡ ነው እማ በአገውኛ የተናገረችው። ራሷን የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

"ኮሽም… ኮሽም የማን ነው?"

የማንም አይደለም። ሐይቁ ዳር ጫካው ውስጥ እንዲሁ ይበቅላል። እሾሁ ክፉ ነው፣ ፍሬው ቢጫና ጎምዛዛ። ከብት ጠባቂዎችና ወፎች ናቸው የሚበሉት። የእማ አባት እህል በጠፋባቸው ዘመናት ከኮሽም መጠጥ ይጥል ነበር አሉ። እኔ ዛሬ ገና ሰማሁ።

"ማንም አልተከለውም፣ ማንም አላረመውም። እሱን እጠጣለሁ" አለች። "ግን እሷም መጥታ ትልቀም። እጇ ይወጋ።"

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለቀማ ዋልን። ወርቅነሽ ብቻዋን መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ እጅ ነሣች። እማ ፊቷን አዞረች። እኔም አዞርኩ።

በአንድ ቁጥቋጦ ዙሪያ እማ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል። የቅጠሉ ኮሽታ ብቻ ነው የሚሰማው። የበሰለው ኮሽም ጫን ሲሉት እሺ ይላል፣ ጥሬው ድንጋይ ነው። ወርቅነሽ አታውቅም። ጥሬውንም ብስሉንም ስትጨምር እማ በቅጠሉ መሐል ታያታለች። ክርኗ ድረስ ተቧጭራ ደሟ ይወርዳል። አንድ ጊዜም ወይ አላለችም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል እማ ተናገረች። "ከላይ ከላይ ልቀሚ። የታችኛው ፀሐይ አላገኘውም።"

ይኼው ብቻ። ግን አበረ ከሞተ ለዚያች ሴት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ወርቅነሽ "እሺ" አለች፣ ድምጿ ተሰበረ።

ተናደድኩ። ለምን አስተማረቻት? ሁሉንም ጥሬ ብትለቅም ምናለበት?

ኅዳር 15

መጠጡ በቄስ ገብረ ማርያም ጎጆ ውስጥ ተጠመቀ። ከሁለቱም ቤት ያልሆነ ቤት የእሳቸው ብቻ ነው። ኮሽሙ ታጠበ፣ በገበቴ በእጅ ተጨፈለቀ። እማና ወርቅነሽ ከአንድ ገበቴ። ጭማቂው በነጠላ ተጣራ፣ ከውኃ ጋር በወይራ ጭስ የታጠነ እንስራ ውስጥ ገባ። ጌሾው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። አፉን በጨርቅ አሰሩት።

ማር ይግባበት ወይ ብለው ቄሱ ጠየቁ። "ቀፎ ባለቤት አለው" አለች እማ። በቃ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀም። ደስ የሚል ሽታ ነው… ይኼ ነው የከፋኝ።

ኅዳር 25

ተበላሸ። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሆምጣጤ ሆኗል። ቄሱ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ወርቅነሽ እንስራውን አቅፋ አለቀሰች፣ ሕፃን የሞተባት ይመስል።

መንደሩ ወዲያው አወቀ። "እግዜር አልወደደውም" ይላሉ። ቢሻው ሲሰማ ሳቀ፣ ግን የሳቅ ሳቅ አይደለም።

"አየሽ? እንኳን እኛ ኮሽሙም አልታረቀም።"

እኔም ደስ አለኝ። እዚህ የሚያነብብኝ የለምና ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። ማታ ግን እማን አየኋት። ግድግዳውን ተደግፋ ቢሻውን ስትመለከት። ልጇን ሳይሆን የልጇን አስከሬን የምታይ ትመስል ነበር። ደስታዬ እዚያው ጠፋ።

ኅዳር 27

እማ እንዲህ አለች፦ "ጣፋጭ የሌለው መጠጥ አይጸናም። አባቴም ማር ያደርግበት ነበር።"

"ታዲያ ትንሽ ማር ከገበያ…"

"አልኩሽ እኮ።"

ግትርነቱን ከእሷ ነው የወረስነው። ሁላችንም። አበረም ግጦሹን ልቀቅ ሲሉት እምቢ ብሎ ነው…

ታኅሣሥ 3

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፍ።

ቢሻው ከትናንት ወዲያ ጧት እንደወጣ አልተመለሰም። ጠመንጃውም የለም። ማንንም አልተሰናበተም። እማ ከደጅ አልገባም አለች። "ሂጂ" አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። አልጠየቅኋትም።

ሜዳውን አቋረጥኩ። አበረ ከወደቀ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። በዳር በዳር ዞሬ ነበር የምሄደው። ወርቅነሽ ቤት በሩ ክፍት ነው። ውዱ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ሲያየኝ ተነሣ። እውነትም ከስቷል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የእኔ እኩያ እኮ ነው።

"ቢሻው ጠመንጃ ይዞ ወጥቷል" አልኩት። "ከቤት እንዳትወጣ። በሩን ዝጋው።"

"አልዘጋውም" አለ። "እናቴን ግን ቄሱ ዘንድ ውሰጂልኝ። እሷ ምን አደረገች?"

"አንተስ?"

"እኔማ አድርጌያለሁ።"

ልወጣ ስል "ያለምወርቅ" ብሎ ጠራኝ። ዞርኩ።

"እዚያ እስር ቤት ሳለሁ የምነግራችሁን ቃል ስፈልግ ኖርኩ። አጣሁት። ቢኖር ኖሮ ዛሬ እነግርሽ ነበር።"

ወርቅነሽን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስትደናቀፍ ክንዷን ያዝኩ። ሰው ሲደናቀፍ ይያዛል… ሌላ አይደለም።

ቆይ፣ ለምን ሄድኩ? ለውዱ ብዬ ነው? ለቢሻው? ለራሴም አላውቀውም።

ታኅሣሥ 4

ቢሻው መጣ!

ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ አይታዩም። እጁ፣ አንገቱ፣ ከንፈሩ ሳይቀር በንብ ተነድፏል። በጠመንጃው አፈሙዝ ትልቅ ቅል አንጠልጥሎ ትከሻው ላይ ይዟል። እማ እግር ሥር አስቀመጠው። ማር። የዱር ማር፣ ከነሰፈፉና ከነእጩ።

"ከሐይቁ ማዶ የሾላ ግንድ ውስጥ ነው" አለ፣ ከንፈሩ አልታዘዝ እያለው። "ቀፎ አይደለም። ባለቤት የለውም።"

"ጠመንጃውን ለምን ወሰድክ?" አልኩት። ጮኼበት መሰለኝ።

"ጫካ ማደር እኮ ነው። ነብር አለ።" ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ "መጀመሪያ ለሌላ ነበር የያዝኩት" አለ።

እማ ቂቤ አምጥታ ፊቱን ትቀባው ጀመር። ወንድሜ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ተቀባ። ወጥቼ ደጅ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 6

እንደገና ለቀማ። ኮሽሙ ሊያልቅ ነው። ጥላ በሆነው በኩል ብቻ ቀርቷል። ዛሬ ወርቅነሽ ብስሉን ለየች። እሾህ እጇ ውስጥ ተሰብሮባት እማ በመርፌ አወጣችላት። እኔም ሦስተኛ ሆኜ ለቀምኩ።

ታኅሣሥ 21

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቄሱ ጎጆ ጎራ አልኩ። ጆሮዬን ማሩ በገባበት እንስራ ላይ አደረግሁ። ይተነፍሳል።

ጥር 17፣ እሑድ

ዛሬ ታረቁ። "ታረቅን" ልበል እንዴ? ገና አፌ አልለመደውም።

ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል። የእኛ ወገን በዚህ፣ የእነሱ በዚያ። ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። ውዱ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፣ አንገቱ ላይ። ትልቅ ነው። ጎንበስ ብሎ ቢሻው ፊት ተንበረከከ። ይቅር ባዩ ድንጋዩን ካላነሣለት እንደተሸከመ ይኖራል።

ቢሻው አላነሣም። ዝም ብሎ ቆመ። የውዱ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። "ስለ እግዚአብሔር" አሉ ቄሱ፣ "ስለ ማርያም"። ቢሻው አሁንም ቆሟል። ወደ እኔ ዞረ። ወደ እማ አይደለም፣ ወደ እኔ! ምን ፈልጎ ነው? ፍቃዴን?

የተጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው። በአንገቴ እሺ አልኩት። መቼም አምኜ አይደለም… ግን ክንዶቹ ሲንቀጠቀጡ ማየት አልቻልኩም።

ድንጋዩን አነሣለት። ሲያስቀምጠው መሬቱ ዷ አለ። ውዱ እንደተንበረከከ ቀረ፣ ቀና ማለት አቅቶት። ቢሻው ብብቱን ይዞ አስነሣው።

እንስራው ተከፈተ። ቀለሙ የገለባ ቀለም፣ ጥርት ያለ። እማ በዋንጫ ቀድታ መጀመሪያ ጠጣች። ለወርቅነሽ ሰጠቻት። ወርቅነሽ ጠጥታ ለቢሻው፣ ቢሻው ለውዱ። ከዚያ ለእኔ።

ዋንጫው ጠርዝ ላይ የውዱ ከንፈር ርጥበት ነበር። አየሁት። ዋንጫውን ላዞረው አሰብኩና ተውኩት። ጠጣሁ።

ጣፈጠኝ የሚል ይዋሻል። ይኮመጥጣል። ማሩ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ከዋጡት በኋላ፣ እሱም ጥቂት። ግን ወረደ።

እማ ማታ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ "ልጄ አይመለስም።"

የካቲት 8

እማን ብርድ መትቷት ተኝታለች። ትኩሳቱ ዛሬ በረድ ብሎላታል። ቢሻው መድኃኒት ሊያመጣ ዳንግላ ሄዷል፤ የተቀመጠበት ፈረስ የውዱ ነው። ወርቅነሽ ደግሞ ከትናንት ጀምራ እኛ ዘንድ ናት። አጥሚት ትሠራለች፣ ታጠጣታለች፣ ልብሷን ታጥባለች። ማንም አልጠራትም። ማንም ሂጂ አላላትም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጨት ይዤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። ወርቅነሽ ናት።

"እታለማሁ… ለአንቺ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

ቆምኩ። በዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ የለም። እኔና ቢሻው ስንነጋገር እንኳ "እሱ" ነው የምንለው። እማ ታስወጣታለች ብዬ ጠበቅሁ።

እሷ ግን "አበረ…" አለች። "አበረ ሳቂታ ነበር። ገና ትንሽ ሳለ ሳይነግረን የአባቱ ነጭ ፈረስ ላይ ወጣና ፈረሱ ጭቃ ላይ ጣለው። ዓይኑ ብቻ ሲቀር ጭቃ ሆኖ መጣ። ልቆጣው ብል እሱ እቴ! ይስቃል። 'እማ፣ ፈረሱ እኮ አልቆሸሸም' አለኝ።"

ወርቅነሽ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ሄደ። እማም አብራት። ከዚያ እንደገና ትንሽ ሳቁ።

ለመመለስም አሰብኩ። ከዚያ ገባሁ፣ እንጨቱን አስቀመጥኩ፣ በመካከላቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

"ፈረሱ ነጭ አልነበረም፣ እማ" አልኩ። "አበረን የጣለው ዳማው ነው።"