የእማዬ ሹራብ ኪስ

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ልጄ ኦቾሎኒ እንደማይነካ ታውቃለህ፤ ለመክሰስ ጉልበት እንዲሆነው የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎና የሽምብራ ቆሎ አዘጋጅለታለሁ። ሽምብራውን እንዳንተው ኪሱን ሞልቶ ይዞራል። እኔ ሥራ ስውል የምታበላው እማዬ ናት።

ትናንት ስገባ ከሹራብ ኪሷ ኦቾሎኒ አውጥታ ትፈለፍልለታለች። ከእጇ ስቀማት፣ «ምን በድሎሽ ነው ልጁን ይሄን የምትከለክይው?» አለችኝ። ያኔ መጀመሪያ ኦቾሎኒ የቀመሰ ጊዜ ከንፈሩ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ በባዶ እግሯ ሐኪም ቤት ይዛው የሮጠችው እሷ አይደለች? ሳቅሁላት። ሹራቡን «ላጥብልሽ» ብዬ ወስጄ ኪሱን ደጋግሜ አራገፍሁት።

ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ትንሽ ላርፍ ብዬ ነው።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሃለች። ምን ላምጣ አትበለኝ፤ ብቻ ቶሎ ና።

እህትህ