ሊያ እሑድ አትሳፈርም

ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ወልደሰማያት፣
ደብረ ብርሃን።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ጠንቷል ሲሉ ብሰማ፣ በላክሁልዎ ጋቢ ላይ ሌላ በጨመርሁበት አልሁ። እትዬ ወርቅውሃስ ወገባቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኔ ዘንድ ያለችው ልጅዎ ሊያም ደህና ናት፤ ስለ እሷ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ባለፈው ደውለው፣ እዚያ ደብረ ብርሃን የፋይናንስ ቢሮ የሥራ ቦታ ስላገኙላት ከገና በፊት ባለው እሑድ እንዳሳፍራት ነግረውኛል። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ፣ ብደውል እንደገና እሺ እንደምል ስለማውቅ ነው። ሊያ እሑድ አትሳፈርም። ተቆጥተው ከማስቀመጥዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሊያ ስለምትመኘው ሙያ «ይህ ፕሮዳክት ማናጀር የምትሉት ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለውኝ በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። እርስዎ የግንባታ ፎርማን ሳሉ፣ የቤቱ ባለቤት ሳሎኑ ይስፋ ይላል፣ ግንበኛው ድንጋዩ አይበቃም ይላል፣ መሀል ቆመው የቱ እንደሚቀድምና የቱ እንደሚቀር የሚቆርጡት እርስዎ ነበሩ። ይኸው ነው። የሚሠራው ግን ቤት ሳይሆን በስልክ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ለማን እንደሚሠራ፣ ያ ሰው ምን እንደቸገረው አጣርታ የምትወስነው እሷ ናት።

አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው ቢሉኝ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ያለችው የኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤቴ ናት ያስተማረችኝ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሳትመው ጥለውት የሚሄዱትን ወረቀት፣ አንዱ መጀመሪያ የሌለው፣ ሌላው መጨረሻው የተቀደደ፣ ደንበኛ ሲጠፋ አነበዋለሁ። ያልገባኝን እጠይቃለሁ። ያወቅሁትን እንደ ሊያ ላሉ ሥራ ፈላጊ ልጆች እዚያው ሱቄ አሳያለሁ፤ እኔ ዘንድ መጀመሪያ የሠለጠነው ዘላለም ዛሬ አዲስ አበባ በዚሁ ሙያ ተቀጥሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ስዘጋ ይደውልና የቅጥር ፈተና ላይ የሚጠየቀውን ለልጆቹ ይነግራቸዋል። የእኔ ድርሻ መነዝነዝ ነው፦ «ይህን ሥሩልን ያላችሁ ማን ነው? ሲጠቀምበት በዓይናችሁ አይታችኋል?»

በጥቅምት ሊያና ጓደኛዋ ኢሕሳን ለቡና ገበሬዎች አንድ ነገር ሠሩ። ሚስኮል ያደረገ ሰው የዕለቱ የጀንፈል ዋጋ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና ማለቴ ነው፣ በጽሑፍ ይላክለታል። ደዶ ወረዳ ሄደው ቤት ለቤት እያሳዩ «ትጠቀሙበታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም «ጋሪዳ! ጋሪዳ!» አላቸው፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ማር አብልተው፣ መርቀው ሸኟቸው። ሊያ በደስታ መሬት አልበቃት ብሎ ገባች። ከዚያ ወዲያ ግን ሚስኮል የሚያደርግ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ልጅዎ ትራሷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ «ቢሮ ብገባ ይሻለኛል» እስከ ማለት ደረሰች።

ተነሺ፣ አብረን እንሄዳለን አልኋት። በዚህኛው ጉዞ ምንም ሳንጠይቅ ወይዘሮ ዙቤይዳ ከሚባሉ ሴት ግቢ ጀንፈል ስናገላብጥ ዋልን። ጠዋት ባለቤታቸው አቶ ቲጃኒ የቤቱን አንድ ስልክ ኪሳቸው ከተው ወጡ። ወዲያው ቡና ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ከች አለና በፈለገው ዋጋ ከሴትዮዋ ገዝቶ ሄደ። ሊያ ለምን ሚስኮል እንዳላደረጉ ብትጠይቃቸው ሳቁባት። «ስልኩ እሱ ኪስ ነው፤ እኔም ኪሱ ልግባ?» አሏት። ታዲያ መጀመሪያ መጥቼ ሳሳይዎ ለምን አልነገሩኝም ብትላቸው፣ «ወላሂ፣ ቤቴ በእንግድነት መጥተሽ ሥራሽ አይረባም ልበልሽ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልሁሽ?» አሏት።

ሊያና ኢሕሳን ተመልሰው አገልግሎቱን ለወጡት። አሁን ዋጋው ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ስልኩ ከባልየው ጋር ቤት ሲገባ፣ በድምፅ፣ በኦሮምኛ ይደርሳል። ወይዘሮ ዙቤይዳም ሰብሳቢውን «ማታ የሰማሁት ይህን አይደለም» ብለው አስጨምረውታል። ጎረቤቶቻቸው የእኛስ ስልክ ላይ መቼ ይገባል እያሉ ኢሕሳንን መግቢያ መውጫ አሳጥተውታል።

አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሊያን በጥር መጨረሻ ለዚሁ ሥራ ለፈተና ጠርቷታል። ቅዳሜ ኢሕሳን ለጉርድ ፎቶ የማውሰውን ኮትና ከረባት ለብሶ ፈታኝ ሆነላት፤ ኮቱ ሁለት ኢሕሳን ይይዛል። «እሺ ወይዘሪት፣ የከሸፈብዎትን ሥራ ይንገሩን» ብሎ ሲያፈጥባት፣ ድሮ ቢሆን የተሳካላትን ብቻ ትደረድር ነበር። አሁን የደዶውን ከነልቅሶዋ ነገረችው። ዘላለም በስልክ ሰምቶ «በቃ፣ እንደዚሁ ትሂድ» አለ።

ጋሼ፣ የቢሮውን ነገር ሲነግሯት ሊያ እሺ ብላዎታለች። ያለችዎት ግን የደዶ ሰዎች «ጋሪዳ» እንዳሏት ነው፤ አክብራዎት። ስልኩን ስትዘጋ ያየኋት እኔ ነኝ። ለፈተናው የተኮሰችውን ሸሚዝ አጣጥፋ ሻንጣዋ ሥር ከተተችው። እኔም አባታችን ካረፉ ወዲህ ለእርስዎ ከእሺ ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ዛሬ ግን አይሆንም እልዎታለሁ። ሸሚዙን አውጥቼ ሰቅዬዋለሁ። ፈተናው ዕለት እኔው ራሴ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ብትወድቅም ሱቄ አለች፣ እንደገና እንጀምራለን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ደውለው አይጠይቋት፤ እሺ ትልዎታለች። ከጥምቀት በፊት ባንዱ ቅዳሜ ይምጡና ሱቄ ይቀመጡ። ምንም ሳይጠይቁ ይመልከቷት። ያዩትን አይተው የሚሉኝን ያን ጊዜ እሰማለሁ።

እትዬ ወርቅውሃን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ፤ ለወገባቸው የደዶ ማር ለይቼ አስቀምጬላቸዋለሁ። ሀብተጊዮርጊስን አይዞህ፣ በትምህርትህ በርታ ይበሉልኝ። ትንሿን ዮርዲን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ሊያ እጅዎንም ጉልበትዎንም ትስማለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም።

ታናሽ እኅትዎ
የኔነሽ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.