ይደር

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ

ለምወድህ አባዬ፣

ጀርባህ ተሻለህ? መከለያ መነጽርህን ሳታደርግስ አትበይድም አይደል? መርከብ መጠገኛው አጠገብ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ስላልክ ሹራብ ልኬልሃለሁ። በቀለሙ እንዳትስቅ፤ የመረጠችው እማዬ ናት። እሷ ደህና ናት። አዲሱን ጥርሷን ካስገባች ወዲህ በማይሳቀውም ትስቃለች።

ሐሙስ ስንደዋወል ከአለቃዬ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣላሁ ስልህ «ለአሁኑ ይደር ልጄ፣ ቦታሽን እንዳታጪ» አልከኝ። ስልኩን ቶሎ የዘጋሁት ተቀይሜህ አይደለም። ያቺ ቃል ናት ደሜን ያፈላችው። ምን እንዳደረገችኝ ስለማታውቅ ከሥሩ ልንገርህ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ በዓይን የማይታይ የወርቅ ብናኝ መድኃኒት ተሸክሞ ካንሰሩ ያለበት ቦታ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ብናኙ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ሲቀመጥ ቀይ ነው። ጨው ሲነካው እርስ በርሱ ይጣበቅና ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ መድፋት ነው። ደማችን ውስጥ ደግሞ ጨው አለ። እኔ ጨው የማይደፍረውን ሽፋን አገኘሁ። ግን ሽፋኑን ካለበስከው በኋላ ሌሊቱን ሳትነካው ማሳደር አለብህ። አንተ የቀባኸውን ብረት ቀለሙ ሳይደርቅ ባሕር ትከተዋለህ? እንደዚያ በለው።

ጽሑፉ ሲታተም የፕሮፌሰሩ ስም መጀመሪያ ገባ፣ የላቦራቶሪያችን በር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ የማያውቀው የክፍል ኃላፊ ሁለተኛ፣ እኔ መጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ከአራት መቶ በላይ ጽሑፎች ጠቅሰውታል፤ ሁሉም የፕሮፌሰሩን ስም ያነሡና «እና ሌሎች» ይላሉ። ሌሎቹ እኔ ነኝ። ባልደረቦቼም ስም አውጥተውልኛል፤ «እና ሌሎች፣ ሻይ ትጠጫለሽ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር። በኋላ ስሜ በቦታው ይግባልኝ ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ አመለከትኩ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ጉዳዬን «ይደር» ብሎ ይነሣል።

ማክሰኞ ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠራኝ። «በአሠራራችሁ ሞከርን፣ ሰማያዊ ሆነብን» የሚል አቤቱታ ከየአገሩ እየጎረፈበት ነው።

«ምን ረስተን ይሆን?» አለኝ።

«ረስተን? እኔ የረሳሁት ነገር የለም።»

በንዴት ከስሞቹ አልፌ ያላነበብኩትን የታተመውን ጽሑፍ አውጥቼ አነበብኩት። ማሳደሩ የለም! በራሳችን ቋንቋ ጽፌ ስሰጠው «ሽፋኑ ከተጨመረ በኋላ ይደር» ብዬ ነበር። እሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው ዘልሎታል።

«ይደር ያልኩት የት ገባ?»

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «እሱን ነጥብ ለሌላ ጊዜ እንነጋገርበት ያልሽ መስሎኝ ነው የሰረዝኩት።»

አባዬ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዕድሜውን በስብሰባ ጨርሶ ቃሉን ሁሉ በስብሰባ ይተረጉመዋል። አንድ ቀን እንኳ ብልቃጥ አሳድሮ ቢያውቅ ይህን ይሳሳት ነበር?

ሳቄ ሳያልቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማስተካከያውን ጻፊና ስጪኝ፣ በእኔ ስም ይላካል። የስምሽ ጉዳይ ለጊዜው ይደር።»

«ብልቃጡ ይደር፣ ፕሮፌሰር» አልኩት። «እኔ ግን አላድርም።»

ዕለቱኑ ማስተካከያውን በራሴ ስም ለመጽሔቱ ላክሁት፤ ማን ምን እንደሠራም ከነማስረጃው። ትናንት መልስ መጣ። ማስተካከያውን ያትሙታል፤ ስለ ስሞቹ ቅደም ተከተል ግን ሁላችንንም ማብራሪያ ጠይቀዋል። ይፈርዱልኛል ብዬ አልምልልህም። ካልፈረዱልኝ ሌላ በር አንኳኳለሁ እንጂ አልተውም።

ለምን ይህን ያህል ትጋደላለች እንዳትል አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ውጭ ያሉት መጽሔቶች የኔን ስም በአንዲት ፊደል ነው የሚያሳጥሩት፤ ሙሉውን የሚጽፉት የአባትን ስም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ስገባ፣ የማላውቀው አገር ያለ የማላውቀው ተማሪ የሚጠራው አንተን ነው። የሰው ስም የተጻፈባቸውን መርከቦች ስትጠግን ኖረሃል። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ያንተ ስም ይቅደም፤ «እና ሌሎች» ውስጥ እነ ፕሮፌሰሩ ይግቡ።

ዓይንህን ከእሳት፣ ጀርባህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። በጤና ያገናኘን።

ስምህን የያዘችው ልጅህ

ማስታወሻ፦ ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ በቤት አድራሻ ይሁን። ከረቡዕ ጀምሮ የላቦራቶሪው በር በካርዴ አይከፈትም። እማዬ ፈቃድ ላይ ነሽ ብላ ስለምታምን አደራ እንዳትነግራት። ሽፋኑን አልብሼ ያሳደርኳትን አንዷን ብልቃጥ ግን ማክሰኞ ይዣት ወጥቻለሁ፤ ጨው ጨምሬባት መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጫታለሁ። ይህን ስጽፍልህ ቀና ብዬ አየኋት፤ ቀይ ናት።